«ድንገት ነው» የሚባለው ሞት

አንዲት ሴት በባሏ እጅ ስትሞት ሀገር የሚለው ቃል አለው፤ «ድንገት ነው» ይላል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠው ይለዋል፤ ገዳዩም ፖሊስ ፊት ቀርቦ ይለዋል፤ ሽማግሌውም ይደግመዋል። «ንዴት ነው»፣ «ሰይጣን ነው»፣ «ቀን ነው የጣለው» የሚሉትም የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። በዚህች ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይኸ ነው፤ እውነት ድንገት ነውን? ድንገት ካልሆነስ፣ አስቀድመው ያዩ፣ የሰሙና ያስታረቁ ሰዎች በሞቷ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ምንድን ነው? ጉዳዩ የፖሊስና የዳኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቦታ ባልፈለግንለት ነበር። ነገር ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና የሁላችንም ነው።

ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው «ድንገት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያታልል ያውቃል። ከደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚወርደው ይኸ መንገድ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን አስጠርቦ ያሠራው ጠመዝማዛ ነው። መኪና ሲገለበጥ የሩቅ ሰው «ድንገት» ይላል። መንገዱን የለመደ ሾፌር ግን እንዲህ ብሎ አያልፍም። ፍሬኑ ከየት ጀምሮ ጋለ? ማርሹ የት ላይ መቀነስ ነበረበት? ጭነቱስ ስንት ነበር? እያለ ይጠይቃል። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ የሚቀንሰውም ስለዚሁ ነው፤ ኩርባው ላይ ደርሶ ማሰብ የጀመረ ሾፌር ዘግይቷል። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ግድያም ኩርባው ላይ ይታይ እንጂ ከኩርባው ብዙ ቀድሞ የጀመረ ነገር ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንደምንል ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

፩

በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከሚገደለው ሰው ከመቶ 80 ያህሉ ወንድ ነው። ወንድ ግን በአብዛኛው ከቤቱ ውጪ፣ በሌላ ወንድ እጅ ይሞታል። የሴቷ ሞት ሌላ መልክ አለው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ 51,100 ያህሉ የሞቱት በባል፣ በፍቅር ጓደኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ ነው። በቀን 140 ማለት ነው። ከአህጉሮች ሁሉ ከፍተኛው መጠን የአፍሪካ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከ100,000 ሴቶች 2.9። ልጃገረድ «መሽቷል፣ ወደ ቤት ግቢ» ትባላለች፤ አደጋው ውጪ ነው ተብሎ ነዋ! ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ስለ ዱላው የተጻፈውን ያህል ስለ ሞቱ አልተጻፈም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የ10 ሀገሮች ጥናት፣ ከቡታጅራና አካባቢዋ ከተጠየቁት ባል ወይም ወዳጅ ያላቸው ሴቶች ከመቶ 71ዱ በሕይወት ዘመናቸው በዚሁ ሰው ተደብድበዋል ወይም ተደፍረዋል፤ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በጎንደር ዙሪያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናትም ከተጠየቁት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ይኸው እንደደረሰባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ውስጥ ከመቶ 34ቱ በባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ሥነ ልቡናዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል።

ሞትን መቁጠር ግን ዱላን ከመቁጠር ይከብዳል። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያቋቋመው የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለ። ቤት ለቤት እየተዞረ ልደትና ሞት ይመዘገባል። ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው ሲኖር፣ ጠያቂው የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ ሄዶ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ ከመልሱም የሞቱ ምክንያት ይገመታል። አብዛኛው ሰው እቤቱ በሚሞትበት ገጠር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ይኸ ዘዴ በማንም ሀገር ቢሆን አንድ ጥያቄ ይጎትታል። የሞተችው ሚስት ስትሆን፣ ስለ ሞቷ የሚመሰክረው ማን ነው? በሕይወት የቀረው አይደለም እንዴ! «ታማ ነበር»፣ «ከገደል ወድቃ ነው»፣ «እሳት ፈጃት» ቢል ማን ይከራከረዋል? ገዳይ የሟች ምስክር በሚሆንበት ቤት እውነት ከሟቿ ጋር ትቀበራለች። ስለዚህ «እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ነገር ብዙም የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን፣ አልተፈጸመም ማለቱ ነው ወይስ አልተጻፈም ማለቱ? ብለን እንጠይቀው።

፪

አሁን ወደ መልኩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጃክሊን ካምቤልና ባልደረቦቿ በአሜሪካ 11 ከተሞች በባል ወይም በወዳጅ የተገደሉ ሴቶችን ታሪክ፣ ተደብድበው በሕይወት ካሉት ሴቶች ታሪክ ጋር አነጻጸሩት። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ከሚመቱት ሁሉ መካከል የሚገደሉት በምን ይለያሉ? ባልየው መሣሪያ የሚያገኝ ከሆነ አደጋው 5 እጥፍ ያህል ይጨምራል። «እገድልሻለሁ» ያለ፣ በግድ የተገናኛት፣ ሥራ የሌለው፣ መግቢያ መውጫዋን ሁሉ የሚቆጣጠር ከሆነ አደጋው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ፣ አንድ ጊዜ አንገቷን ታንቃ የተረፈች ሴት በኋላ የመገደል ዕድሏ 7 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳየ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይኸ ነው፤ ቁጥጥር የበዛበት ቤት ሲሆን እጅግ አደገኛው ጊዜ ሴትየዋ ትታው ስትሄድ ነው።

እንግሊዛዊቷ ጄን ሞንክተን ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ጥናት 372 ግድያዎችን መርምራ 8 ደረጃዎች አገኘች። በአጭሩ ስንናገረው፣ ሰውየው ከዚህ በፊት በሌላይቱም ላይ ይኸው አመል ነበረው፤ ፍቅሩ በጥድፊያ ተጀመረ፤ ከዚያ ቁጥጥር መጣ፤ ከዚያ ቁጥጥሩን የሚያናጋ ነገር ተፈጠረ፤ በአብዛኛው መለየት ነው። ከዚያ ዛቻው ባሰ፣ አሳቡ ተለወጠ፣ ዝግጅት ተደረገ፣ በመጨረሻ ግድያ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከግድያው በፊት አሳብና ዝግጅት አለ። የሚያቅድ ንዴት አይተን አናውቅም።

ይኸ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ በራሳችን ቋንቋ እንተርጉምለት። መጀመሪያ «እናትሽ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ይመጣል። ቀጥሎ የገበያ ቀን ምርመራ አለ፤ «ከማን ጋር ቆምሽ? ለምን አመሸሽ?» ቀጥሎ ጥፊው፣ ቀጥሎ ዱላው። አንድ ቀን አባቷ ቤት ትገባለች። ሽማግሌ ይላካል፤ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ተብሎ፣ ለልጆቿ ስትል ትመለሳለች። ሁለተኛ ትሄዳለች፤ ሁለተኛ ትመለሳለች። በሦስተኛው «አልመለስም» ያለች እንደሆነ፣ «ለኔ ያልሆነች ለማንም አትሆንም» የሚለው ቃል ይሰማል። ጎረቤት ሰምቶታል። እናትየዋ ሰምታዋለች። ሽማግሌውም ሰምተው «የወንድ ዛቻ ነው» ብለው አልፈውታል። ታዲያ ይኸ ሁሉ ሕዝብ የሰማው ነገር በምን ሒሳብ ድንገት ይሆናል?

ከዚህ ጋር አንድ የተለመደ ጥያቄ ይወድቃል። «ይኸን ያህል ካስቸገራት ለምን ትታው አትሄድም?» ይባላል። ሴትየዋ ግን ብዙ ጊዜ ከጠያቂው ይልቅ ታውቃለች። መሄዷ ሊያስገድላት እንደሚችል በቆዳዋ ታውቀዋለች። የመቆየቷ ምክንያት ሞኝነት ወይም የዱላ ፍቅር ነው ከማለታችን በፊት፣ በሕይወት ለመቆየት የምታሰላው ሒሳብ ሊሆን እንደሚችል እንገንዘብ።

፫

መንስዔውን በተመለከተ ብዙ መልስ ይሰጣል። አንዳንዱን ቶሎ እንለፈው። መጠጥ ነው ይባላል። አረቄ እሳት ላይ የሚጨመር ጭድ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ያንኑ አረቄ ጠጥቶ እየዘፈነ ቤቱ የሚገባው ይበዛል። ንዴት ነው ይባላል። ይኸ ንዴት ግን እንዴት ያለ አስተዋይ ንዴት ነው! ወረዳው ጽሕፈት ቤት የሰደበውን ሹም አይመታም፤ አበዳሪውን አይመታም፤ እነዚህን ሁሉ በትዕግሥት አልፎ እቤት ሲደርስ ይፈነዳል። ቦታና ሰው መርጦ የሚፈነዳ ነገር ዐይን አለው ማለት ነው። ድህነት ነው ይባላል። ድህነት ያባብሳል፤ የሴትየዋንም ማምለጫ ይዘጋል። ሆኖም ድሃው ሁሉ አይገድልም፤ ከሚገድለውም ውስጥ ባለጸጋ አለበት።

ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባው «ባህል ነው» የሚለውን መልስ ነው። ይኸን ለመመርመር ከዚሁ ከስሜንና ከወገራ አካባቢ የተነሳ ታሪክ ይረዳናል። በጎንደር ዙሪያ፣ በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን በኩል፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ 14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያ ሀገር አሳዛኝ ነገር ታየ። ከሀገሩ ሕዝብ ከመቶ 2 የማይሞሉ ሆነው ሳለ፣ በባሎቻቸው ከተገደሉት ሴቶች መካከል የኢትዮጵያውያቱ ድርሻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከገዳዮቹም በርካታዎቹ ወዲያው ራሳቸውን አጠፉ።

መንስዔው ባህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰዎቹ ባህላቸውን ይዘው በሀገራቸው ሳሉ የባሰ መሆን ነበረበት። ሥልጣኔ ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ፖሊስና ፍርድ ቤት፣ ትምህርትና ገንዘብ ባለበት ሀገር መቀነስ ነበረበት። ታዲያ ምን ተፈጠረ? አጥኚዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ባልየው በሀገሩ ሳለ መሬት ነበረው፣ በሬ ነበረው፣ ቃሉም በቤቱ የመጨረሻ ነበረ። እዚያ ሲደርስ ቋንቋው አልገባ አለው፤ ልጁ አስተርጓሚው ሆነ። ሚስቲቱ ሥራ ገባች፤ በስሟ ገንዘብ ያዘች፤ ብትመታ ወደ ፖሊስ መሄድ እንደምትችል ተማረች። በመካከል ገብቶ የሚያበርድ ሽማግሌም ሥልጣኑን አጣ። እርሷ ስትለወጥ እርሱ «የኔ ናት፣ ትታዘዘኛለች» የሚለውን አሳቡን እንደያዘ ቀረ።

ከዚህ ተነስቶ «ነፃነት ነው የገደላት» የሚል አይጠፋም። ይኸ ትልቅ ስሕተት ነው። መንገዱ ላይ መኪናውን የጣለው ኩርባው ነው እንደማለት ይሆናል። ኩርባውማ ለሁሉም አለ፤ ከእርሷ ጋር ከተጓዙት ብዙ ሺህ ባሎች አብዛኞቹ ሚስቶቻቸውን አልገደሉም። ገዳይ የሆነው የባለቤትነት አሳብ ነው፤ ከመሬቱና ከበሬው ጋር ሚስቱንም ከንብረቱ የቆጠረ ሰው፣ መሬቱና በሬው ሲሄዱ የቀረችውን አንዲት ንብረት ላለመልቀቅ ይታገላል። ምቾት ባለበት ጊዜ ይኸ አሳብ በዱላ ይጠበቃል። ሲናጋ በሞት ይጠበቃል። በገጠራችን ላይ ጠመንጃ እቤት ውስጥ የሚሰቀል ክብር መሆኑን፣ አካባቢውም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ ጦርነት ማለፉን ስናስብ፣ አሳቡና መሣሪያው አንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ እንረዳለን።

ይኸ አሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ብሎ ጽፎት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይኸን ሰርዞ እኩል አደረጋቸው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ወረቀቱ ተለወጠ። የልቡ አንቀጽ 635 ግን በየቤቱ አልተሻረም።

፬

አሁን ወደ ዋናው የሥነ ምግባር ክርክር እንግባ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ስለ ግድያ ሲደነግግ ደግሞ፣ ጨካኝነትን ለሚያሳየው እስከ ዕድሜ ልክና ሞት ሲቀጣ፣ በአንቀጽ 541 ግን በከባድ መነሳሳት፣ በድንገተኛ ስሜት ወይም ሁኔታው በሚያስረዳው ኃይለኛ ብስጭት ለገደለ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ያስባል። ይኸ የሕግ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ሀገሮች አለ። ደካማነታችንን የሚያውቅ ሕግ ክፉ ነው አንልም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ቅናት ከዚህ ተራ ውስጥ ይገባልን?

አርስቶትል ንዴትን ሲተነትን፣ ንዴት ባዶ ግለት እንዳልሆነ፣ በውስጡ «ያለ አግባብ ተናቅሁ» የሚል ፍርድ እንዳለበት አስተምሯል። እንግዲህ ንዴት ፍርድ ካለበት ፍርዱ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲገደል ያየ አባት «በደል ተፈጸመብኝ» ሲል ፍርዱ እውነት ነው። ሚስቱ «አልፈልግህም» ስላለችው የሚንቀጠቀጥ ሰው ፍርድ ግን «ንብረቴ ተወሰደብኝ» የሚል ነው፤ ይኸም ሐሰት ነው፤ ሰው ንብረት አይደለምና። በሐሰት ፍርድ ላይ የቆመ ስሜት የቱንም ያህል ቢግል ለበደለኛው ማቅለያ ሊሆነው አይገባም። አለበለዚያ ሕጉ ራሱ «አዎ፣ ያንተ ነበረች» ብሎ ይፈርምለታል።

ይኸ እኩልነት ባዕድ ነው የሚለንን ሰው ወደ ቅርብ ሀገር እንውሰደው። በእንፍራዝ ኖረ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ በሐተታው፣ የጌታው አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሲያገባ፣ ከእንግዲህ ገረድ ሳትሆን ሚስቱ መሆኗን፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ይናገራል። የሐተታው ደራሲ ማን ነው በሚለው ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ማንም ይጻፈው ማን፣ አሳቡ በግዕዝ ተጽፎ፣ በጎንደር አፈር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

፭

«ታዲያ ሽምግልና ይቅር ነው የምትሉት?» የሚለን ይኖራል። አንልም። ስሜን ውስጥ ደም የሚያደርቀው፣ ወንድም ወንድሙን እንዳይገድል የሚያስማማው ሽምግልና ነው። ይኸን የሚንቅ ተማሪ ሀገሩን አያውቅም። ሆኖም እርቅ ሁለት ተበዳዮችን፣ ቢያንስ ሁለት እኩል የሚናገሩ ሰዎችን ይጠይቃል። አንዱ በሚመታበት፣ ሌላይቱ በምትመታበት ቤት «ሁለታችሁም ተው» ማለት ሚዛን አይደለም፤ ለመቺው መፍረድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው አራት ጥያቄ ይጨምሩ እንላለን። አንገቷን አንቋት ያውቃልን? «እገድልሻለሁ» ብሏታልን? እቤት መሣሪያ አለን? ልትለየው ተነስታለችን? መልሱ አዎ ከሆነ ያ ቤት የሚታረቅበት ጊዜ አልፏል፤ የሽማግሌው ግዳጅ እርሷን በሰላም ማስወጣትና መሣሪያውን ከእጁ ማራቅ ይሆናል።

ጠንካራ ተቃውሞም አለ። «የሚመታ ሁሉ አይገድልም፤ ያልገደለን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ማየት ግፍ አይደለም ወይ?» እውነት ነው፤ አብዛኛው አይገድልም። ባልፈጸመው ወንጀል መቅጣት ግፍ ነው። መከላከል ግን መቅጣት አይደለም። ሾፌሩን ማርሽ ቀንስ ያልነው መኪና ገልባጭ ነህ ብለን አልፈረድንበትም። ደግሞስ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? በአንድ ወገን የአንድ ሰው ቅያሜና የተወሰደ ጠመንጃ፣ በሌላው ወገን የአንዲት ሴት ነፍስ።

«ገመና ነው፣ ምን አገባን?» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ገመና ማለት ቤተሰብ ራሱን ከሐሜት የሚጠብቅበት መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሰው እየታነቀ ከሆነ መጋረጃው ለምን እንደተሰቀለ ረስተናል።

አይለወጥም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥም አይኑር። እ.ኤ.አ. በ2000 በሀገራችን ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶ 85ቱ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት፣ ወጥ በማሳረር ወይም ሳያስፈቅዱ በመውጣት እንኳ፣ ሚስቱን መምታት ይገባዋል ብለው ነበር። በ2005 ወደ 81፣ በ2011 ወደ 68፣ በ2016 ወደ 63 ወረደ። ገና ብዙ ነው፤ ሆኖም በ16 ዓመት ውስጥ 22 መውረዱ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለው ተረት የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ያሳያል። የተማርነው በመሆኑ ልንተወው እንችላለን።

፮

በመጨረሻ ወደ ጊቢያችን። ይኸ ሁሉ የገበሬ ቤት ጉዳይ መስሎን እንዳንዝናና። «ስልኳን ካላየሁ አላምናትም» የሚል ጓደኛ አለን። «ከእነ እገሌ ጋር ካፌ እንዳላይሽ» ማለት እንደ ፍቅር ምልክት ይወራል፤ «ካልቀናማ አይወዳትም» እያልን እንስቃለን። «ከተለየችኝ ራሴንም እርሷንም…» ብሎ የጀመረውን ሰው «ተው እንጂ» ብለን ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። ከላይ የቆጠርናቸውን ደረጃዎች መልሰን ብናነብ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በዶርማችን ውስጥ እናገኛቸዋለን። እዚህ ደረጃ ላይ ማርሽ መቀነስ ቀላል ነው፤ አንድ ጓደኛ «ይኸ ፍቅር አይደለም» ቢል፣ አንዲት ጓደኛ «ዛሬ ከኔ ጋር እደሪ» ብትል ይበቃ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ፣ ልጆች ከተወለዱና ጠመንጃው ከተሰቀለ በኋላ ግን በቀላሉ አይበቃም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከቃል ይጀምራል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ስንቀመጥ «ድንገት ነው» ሲባል ራሳችንን አንነቅንቅ። «ከመቼ ጀምሮ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከሰማነው፣ ካየነውና ዝም ካልነው ጊዜ ጀምሮ መሆኑ አይቀርም፤ ይኸን መልስ ሰምቶ መቀመጥ የሚከብደው ሰው ለሌላይቱ ሳይዘገይ ይነሳል።